ስለ ልቅሶ ግጥምና ስለ ማጽናናት ቃል

የአንድ ሕዝብ ሥነ ጽሑፍ የሚመዘነው በሠርግ ዘፈኑና በፉከራው ብቻ አይደለም። ሰው ቃል በሚያጣበት ሰዓት፥ ይኸውም በሐዘን ቤት፥ ምን እንደሚናገር ሲመረመር የቋንቋው ጥልቀትና የሕዝቡ ጠባይ አብሮ ይገለጣል። ይሁን እንጂ ጸሐፊዎቻችንና መምህራኖቻችን ቅኔውን፥ ተረቱንና ልብ ወለዱን ሲተቹ፥ የልቅሶውን ግጥምና የማጽናናቱን ቃል እንደ ሥነ ጽሑፍ ቈጥረው ሲመረምሩት እምብዛም አናይም። እኛም በዚህ ጽሑፍ ጕዳዩን ከወለጋ፥ በተለይም ከነቀምትና በዙሪያዋ ካለው ከጉቶ ጊዳ ወረዳ አንጻር ጥቂት ልንመለከተው አስበናል። የምንጠይቀውም አንድ ነገር ነው። ሐዘንተኛን በእውነት የሚረዳው ቃል የትኛው ነው?

ነቀምት ላይ ልቅሶ የደረሰ ሰው በአንድ ድንኳን ውስጥ ሁለት ቋንቋ ይሰማል። አማርኛ የሚናገረው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ይቀመጣል፤ ኦሮምኛ የሚናገረው «ዋቅኒ ኢሲን ሃ ጀጀቤሱ» ይላል። ቃላቱ ከአንድ ሥር የወጡ አይደሉም፤ ዐሳባቸው ግን አንድ ነው። ሁለቱም ለሐዘንተኛው ብርታትንና ጽናትን ይለምናሉ። ሐዘኑ ይጥፋ አይሉም፤ ሐዘኑን የሚሸከመው ሰው ሳይወድቅ እንዲቆም ይመኙለታል እንጂ። ከእነዚህ ጐን ግን በየልቅሶው የሚሰማ ሌላ ቃል አለ፤ እርሱም «መርሳቱን ይስጣችሁ» የሚለው ነው። ይህን የሚናገር ሰው ክፉ አስቦ እንዳልሆነ እናውቃለን። ነገር ግን እናቱን ትናንት ለቀበረ ልጅ መርሳትን መመኘት ምን ማለት እንደ ሆነ ቆም ብለን ብናስብ፥ ሐዘንተኛው ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ይህንኑ መርሳት መሆኑን እንረዳለን። የእናቱ ድምፅ ከጆሮው እንዳይጠፋ፥ መልኳም ከዓይኑ እንዳይሰወር የሚጨነቅን ሰው «ይጥፋልህ» ብንለው አጽናናነው ለማለት አይቻልም። እንግዲህ ክርክራችን በነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ነው፤ በማጽናትና በማስረሳት መካከል።

የልቅሶ ግጥም ከነዚህ ከሁለቱ የትኛውን ያገለግላል? ሙሾ የሚያወርዱት ብዙ ጊዜ ሴቶች ናቸው። ሙሾ አውራጅ ወደ ልቅሶ ቤት ስትጠራ ሟቹ ማን እንደ ነበረ፥ የማን ልጅ እንደ ሆነ፥ ሙያው ምን እንደ ነበረና ማንን ትቶ እንደ ሞተ ማወቅ አለባት። ያወቀችውንም በስንኝ እያሰናኘች ታወርደዋለች፤ ልቅሶ ደራሾቹም ይቀበሏታል። በቀድሞው ዘመን ለታላላቅ ሰዎች ሲለቀስ የሟቹ ልብስ፥ ጋሻና ጦር ይወጣ፥ ፈረሱም ተጭኖ በአልቃሾቹ ፊት ይዞር፥ ጌታውም በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ይህ ሁሉ ሲታይ ሙሾ የጩኸት ብዛት ብቻ እንዳልሆነ እንገነዘባለን። ሙሾ በአንድ ቀን የሚደረስና በሕዝብ ፊት የሚነገር የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ነው። ሐዘንተኛውም የሚያለቅሰው ስሙ ሲጠራ፥ ሥራው ሲነገር እየሰማ ነው። ደግሞም በዚያው ድንኳን የተቀመጠ ሌላ ሰው የራሱን የቆየ ሐዘን ያስታውስና አብሮ ያለቅሳል። ስለዚህ የአንዱ ሞት የብዙ ሰው ልቅሶ ይሆናል፤ ሸክሙም በዚያ መጠን ይከፋፈላል።

ጕድለቱንም አንሰውርም። በሙሾ ውስጥ ከልክ ያለፈ ውዳሴ አለ፤ ንፉጉ ለጋስ፥ ፈሪው ጀግና እየተባለ ይለቀስለታል። ፊት መንጨትና ደረት መድቃት በሐዘንተኛው አካል ላይ ጕዳት ያደርሳል። ለይሉኝታ ሲባል ከዐቅም በላይ የሚደገሰው ተዝካርም ሐዘንተኛውን የባለዕዳ ሐዘንተኛ ያደርገዋል።

ይህን ጕድለት አይተው በብዕራቸው ሊያቀኑት ከተነሡት ሰዎች አንዱ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። በ1910 ዓ.ም. «የልቅሶ ዜማ ግጥም፥ ምሥጢሩ ከመጻሕፍት ጋራ የተስማማ» የተባለ መጽሐፍ አሳትመዋል። የመጽሐፉ ስም ብቻውን ዐሳቡን ይናገራል። ዜማው ይቈይ፥ ምሥጢሩ ግን ከቅዱሳት መጻሕፍት ትምህርት ጋር ይስማማ ማለት ነው። በዚህ ሥራ ሁለት ነገር እናመሰግናለን። አንደኛ፥ ሌሎች ሊቃውንት ዝቅ አድርገው ያዩት የነበረውን የልቅሶ ግጥም ለማተሚያ ቤት የሚገባ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ አድርገው አክብረውታል። ሁለተኛ፥ ልቅሶን ማቃናት እንጂ ልቅሶን መከልከል አላሰቡም፤ ሰው ማልቀስ እንዳለበት ተረድተዋል።

ነገር ግን ሂስ አቅራቢ ምስጋናውን ከተናገረ በኋላ የታየውን ችግር ማመልከት ይገባዋል። ታትሞ ለብዙ ሰው የሚሰራጭ የልቅሶ ግጥም አባት ወይም እናት ለሞተባቸው ሁሉ ሊያገለግል ይችላል። የአንዱን አባት ስም፥ ቀልዱን፥ ቍጣውን፥ ከገበያ ሲመለስ ለልጆቹ ይዞት ይገባ የነበረውን ነገር ግን ሊያውቅ አይችልም። ከመጻሕፍት ጋር የተስማማ ግጥም ስለ ሞት እውነቱን ይናገራል፤ ስለ ሟቹ የሚናገረው ግን ጥቂት ነው። ሐዘንተኛው ደግሞ የሚያለቅሰው ስለ ሞት አይደለም፤ ስለ አንድ ሰው ነው። ሰው ሁሉ ሟች መሆኑን ሐዘንተኛው ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል፤ ያን ቀን ትምህርቱ ከቤቱ ገብቷልና። ስለዚህ ሙሾን ለማቃናት የሚነሣ ሰው ውሸቱን ሲያስወግድ የሟቹንም መልክ አብሮ እንዳይፍቀው መጠንቀቅ ያሻል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ራሳቸው በስደት ላይ ሳሉ በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ዐረፉ። ሙሾ አውራጅ በሌለበት በዚያ በባዕድ አገር፥ በቀብራቸው ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ስለ እርሳቸው ንግግር አደረጉ። ሟቹን የሚያውቅ ሰው ስለ ሟቹ መናገሩ፥ ቦታና ወግ ቢለወጥም፥ የማይቀር ነገር መሆኑን ይህ ያሳያል።

አሁን ወደ ወለጋ እንመለስ። በወለጋ የጽሑፍ ታሪክ መጀመሪያ ላይ የምናገኘው መጥፋትን ነው፤ ይኸውም በልጅነታቸው ከእናት ከአባታቸው ተነጥቀው የተሸጡ ሰዎች ሐዘን ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር ተወልደው ገና ሕፃን ሳሉ በባሪያ ፈንጋዮች ተወሰዱ፤ ነፃ የወጡትም በምጽዋ ነው። አስቴር ጋኖም እንዲሁ ከወገናቸው ተለይተው ወደ ዐረብ አገር በመርከብ ሲወሰዱ በ1886 እ.ኤ.አ. የጣሊያን ባሕር ኃይል አስጥሏቸው ወደ ኤርትራ ደረሱ። እነዚህ ሰዎች ከዘመዶቻቸው ጋር የተለያዩት በሞት ባይሆንም፥ መልሶ አለመገናኘቱ ከሞት የሚለይ አልነበረም። ቀብር የለ፥ ድንኳን የለ፥ ለቀስተኛም የለ።

በዚያን ጊዜ ለነዚህ ልጆች «መርሳቱን ይስጣችሁ» ማለት ቀላል ነበር። አዲስ ስም፥ አዲስ ትምህርት፥ አዲስ አገር አግኝተዋልና። እነርሱ ግን መርሳትን አልመረጡም። አስቴር ጋኖ በልጅነታቸው የሰሙትን ዘፈን፥ ተረትና ምሳሌያዊ አነጋገር ከትዝታቸው እየቀዱ ጻፉ፤ ብዛቱም እስከ አምስት መቶ ይደርስ እንደ ነበር ይታወቃል። ከዚህም ከፊሉ በ1894 እ.ኤ.አ. ከኦኔሲሞስ ጋር በታተመው የኦሮምኛ ንባብ መጽሐፍ ገባ። ኦኔሲሞስም በአስቴር ረዳትነት መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሰው በ1899 እ.ኤ.አ. በስዊስ አገር በቅድስት ክሪስኮና አሳተሙ። በ1904 እ.ኤ.አ. ወደ ነቀምት በመጡ ጊዜ የአገሩ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፥ የቀድሞ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፥ ተቀበሏቸው፤ በዚያም ትምህርት ቤት ከፈቱ። ኦኔሲሞስ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1923 ዓ.ም. ድረስ በነቀምት ሠርተዋል። አስቴርም እንዲሁ በወለጋ ሲያስተምሩ ኖሩ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ለሂሳችን መሠረት የሚሆን ነገር ነው። የእናቷን ቋንቋ ያጣች ልጅ የእናቷን ቋንቋ በመጻፍ ጸናች። የጠፋው ነገር ስሙ ሲጠራ፥ ቃሉ ሲጻፍ፥ ለሌላ ልጅ ሲነገር ለያዘው ሰው ብርታት ሆነው። ማጽናናት ማለት ይህ ነው፤ የጠፋውን ለመሸፈን ሳይሆን፥ የሚያዝበትን መንገድ ለማግኘት መርዳት ነው።

ወደ ልብ ወለዱ ብንሻገር ደግሞ የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እናገኛለን። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ አንባቢ ሁሉ የሚያወራው ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ፍቅር ነው። እኛ ግን አንባቢን ወደ መጽሐፉ መጀመሪያ፥ ወደ ውድነሽ በጣሙ መመለስ እንፈልጋለን። ያገባቻቸው ባሎች እየሞቱባት ባል የማይበረክትላት ሴት ተብላ የተፈራች ናት። በአገራችን እንዲህ ላለችው ሴት የወጣላት ስም አለ፤ «ገፊ» ትባላለች። ደራሲው በዚህ ያሳዩን ታላቅ ነገር አለ። ያው ጎረቤት ለመጀመሪያው ባል ልቅሶ ድንኳን ተክሎ፥ ንፍሮ ቀቅሎ አብሯት እንዳለቀሰ፥ ሞቱ ሲደጋገም ሐዘኗን እንደ ጥፋት ይቈጥርባታል። ልቅሶ የሚደርስ ሕዝብ ሐዘንተኛን ሊሸሽም ይችላል ማለት ነው። ዛሬም ባሏ በወጣትነቱ የሞተባትን ሴት፥ ልጆቿ ተከታትለው ያለፉባትን እናት በዓይን የሚሸሽ ሰው ካለ፥ ያን ገጽ ደግሞ ማንበብ ይገባዋል። በመጽሐፉ ፍጻሜም ደራሲው ሰብለን፥ በዛብህንና ጉዱ ካሳን በአንድ መቃብር ሲያሳርፏቸው ለአንባቢው የሚያስረሳ ነገር አልሰጡትም። ስማቸውን ግን ሰጥተውታል፤ ስለዚህም አልተረሱም።

ይህ ዐሳብ የእኛ ብቻ አይደለም። በመጽሐፈ ኢዮብ የተነገረውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሦስቱ ወዳጆች ሐዘንተኛውን ሊያጽናኑ በመጡ ጊዜ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አብረውት በምድር ተቀመጡ። እስከዚህ ድረስ መልካም አጽናኞች ነበሩ። ስሕተታቸው የጀመረው አፋቸውን ከፍተው የሐዘኑን ምክንያት ሊያስረዱት በተነሡ ጊዜ ነው። ለልቅሶ ደራሽ ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ማግኘት ያስቸግራል።

የሐዘንን ነገር በሳይንስ መንገድ የመረመሩ ሰዎችም ከብዙ መዞር በኋላ ወደዚሁ ቀርበዋል። በ1969 እ.ኤ.አ. ሐኪሟ ኤሊዛቤት ኩብለር ሮስ መካድ፥ ቍጣ፥ ድርድር፥ ትካዜና መቀበል የሚባሉ አምስት ደረጃዎችን ጻፉ። ጥናታቸው ግን ለሞት በተቃረቡ ሕሙማን ላይ የተመሠረተ ነበር፤ በኋላ ሰው ሁሉ ሐዘንተኛው በደረጃ የሚወጣው መሰላል አደረገው። በ1996 እ.ኤ.አ. ዴኒስ ክላስ፥ ፊሊስ ሲልቨርማንና ስቲቨን ኒክማን ባሳተሙት መጽሐፍ ደግሞ ከሟች ጋር ያለው ግንኙነት መልኩን ይለውጣል እንጂ መበጠስ እንደሌለበት ተገለጠ። የዓለም ጤና ድርጅት ከልክ በላይ የረዘመንና ኑሮን የሚያሰናክልን ሐዘን እንደ ሕመም ለመቍጠር ቢያንስ ስድስት ወር እንዲያልፍ ይጠይቃል፤ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው ዓመት እንዲሞላ ያዝዛል። በእኛ አገር በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ከሣልስት፥ ከሠላሳና ከአርባ ቀጥሎ መንፈቅና ሙት ዓመት መኖሩን አንባቢ ያስተውል። መንገዳቸው የተለያየ ነው፤ ሁለቱም ግን ሐዘን በሦስት ቀን የማያልቅ የጊዜ ሥራ መሆኑን ይመሰክራሉ። በወለጋ ብዙ ምእመናን ያሏት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ተዝካር ባታደርግም፥ ምእመናኑ በሐዘን ቤት እየተሰበሰቡ በመዝሙርና በጸሎት ሐዘንተኛውን ይከባሉ። ሥርዐቱ ይለያያል፤ ሐዘንተኛን ብቻውን አለመተው ግን የሁሉ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ሬሳ የሌለበት ሐዘን ነው። ቄስ ጉዲና ቱምሳ በወለጋ በቦጂ ተወልደው፥ በነቀምት ሆስፒታልና በነቀምት ቤተ ክርስቲያን ያገለገሉ ሰው ነበሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታፍነው ተወሰዱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ለብዙ ዓመታት ታሰሩ። አስከሬኑ ተገኝቶ በክብር የተቀበረው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዐሥራ ሦስት ዓመታት ውስጥ ቤተ ሰቡ ያለ መርዶና ያለ መቃብር ኖረ። የደራሲው የበዓሉ ግርማ ቤተ ሰብ ደግሞ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤት የወጣው አባት አልተመለሰለትም። በቅርቡም በዚያው በወለጋ ምድር ብዙ ሰው ሐዘኑን በወጉ ሳይወጣ ቀርቷል። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ከካማሺ ዞን የተፈናቀሉ ሰዎች ሙታናቸውን ወደ ኋላ ትተው ወደ ምሥራቅ ወለጋ ሸሹ። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ በጊምቢ ወረዳ በቶሌ ቀበሌ ንጹሐን ሰዎች በጅምላ ተገደሉ፤ ብዙዎቹም በጅምላ ተቀበሩ፤ የተረፉትም ተሰደዱ። የሚናገሩት ቋንቋ ቢለያይም፥ ሁሉም ልቅሶ የሚቀመጡበት ደጅ አጥተዋል። ለእንዲህ ያለው ሐዘንተኛ «መርሳቱን ይስጥህ» የሚለው ቃል ሁለተኛ ቀብር ይሆንበታል። የሚያስፈልገው የሟቾቹ ስም አንድ በአንድ መጠራቱ ነው። አያቶቻችን በሩቅ አገር ለሞተ ዘመድ ልብሱንና መሣሪያውን አውጥተው ሲያለቅሱ ይህን ዐውቀዋል፤ አካሉ ባይገኝ ስሙ ይገኛልና።

እንግዲህ መጽሔታችንን የሚያነቡ የመሥሪያ ቤት ባለሥልጣኖች፥ መምህራንና ተማሪዎች ከዚህ ምን ሊይዙ ይገባል? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የትዳር ጓደኛው፥ ልጁ፥ ወላጁ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚቈጠር ዘመዱ ለሞተበት ሠራተኛ ደመወዙ ሳይቈረጥ ሦስት የሥራ ቀን ይፈቅዳል። ሕጉ መልካም ነው። አለቃው ግን ሦስቱ ቀን ሲያልቅ ሐዘኑም ያበቃ አይምሰለው፤ በአራተኛው ቀን ወደ ጠረጴዛው የተመለሰው ሰው እጁ ከሥራው ላይ ቢሆንም ልቡ ገና ከመቃብሩ አልተመለሰም። ጎረቤትና እድርተኛም በድንኳኑ ሳምንት መጥቶ ከዚያ በኋላ ደጁን ባይረሳ መልካም ነው። ሰው የሚበዛው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ሐዘንተኛው ሰው የሚያጣው ግን ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ነው። አርባው ካለፈ በኋላ የሚመጣ አንድ ሰው፥ የሟቹን ስም ጠርቶ «እንዲህ ሲል ትዝ ይለኛል» ብሎ የሚጫወት፥ በመጀመሪያው ቀን ከመጡት ከብዙዎቹ ይበልጣል።

መምህሩም አባቱ የሞተበት ተማሪ ወደ ክፍል ሲመለስ ነገሩን እንዳልሰማ ሆኖ አይለፈው። ልጁን በጓደኞቹ ፊት ማስጨነቅ አይገባም፤ ለብቻው ጠርቶ የአባቱን ስም ጠርቶ ማናገር ግን ይገባል። ከዚህም ሌላ በነቀምት፥ በጊምቢ፥ በደምቢ ዶሎና በሌሎቹም የወለጋ ከተሞች የሚያስተምሩ መምህራን፥ የወለጋ ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎች፥ አረጋውያን እናቶች የሚያውቁትን የልቅሶ ግጥም በኦሮምኛውም በአማርኛውም ሳይጠፋ ይጻፉት። አስቴር ጋኖ ያለ ወረቀት ብዛትና ያለ መቅጃ መሣሪያ ያደረጉትን ዛሬ በእጁ ስልክ የያዘ ወጣት ማድረግ አያቅተውም። የተሰበሰበውም ግጥም ከውዳሴው ብዛት ተለይቶ፥ ከማስረጃው ጋር ተመዝኖ ይተች፤ ያን ጊዜ ብላቴን ጌታ ኅሩይ የጀመሩት ሥራ ከጕድለቱ ተለይቶ ፍጻሜ ያገኛል።

በመጨረሻም የምንለው ይህ ነው። አባቶቻችን በሁለቱም ቋንቋ ለሐዘንተኛው የመረጡለት ቃል ጽናት ነው፤ መርሳት ከኋላ የገባ ቃል ይመስለናል። የጸና ሰው ሟቹን አልረሳም፤ ሟቹን ይዞ ወደ ሥራው፥ ወደ ልጆቹና ወደ ጎረቤቱ ተመለሰ እንጂ። ስለዚህ ወደ ልቅሶ ቤት ስንሄድ ብዙ ቃል ይዘን አንሂድ። አብረን እንቀመጥ፥ የሟቹን ስም እንጥራ፥ ሐዘንተኛው ሲናገር እንስማ፥ ስንነሣም ያጽናችሁ እንበል።